የአበባ ቅጠል መርገፍ በጂን የሚታዘዝ ነውን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጓሮዬ ያለው ጎመን ፍሬ መቋጠር ሲጀምር ቢጫ የአበባ ቅጠሎቹ በጣት ነካ ሲደረጉ ይረግፋሉ። የሚረግፉት ስለደረቁ ብቻ ነው ወይስ ተክሉ ራሱ ይጥላቸዋል?

መልስ 1፦ ተክሉ ራሱ ይጥላቸዋል። ነገሩ ከጎመን ጋር አንድ ቤተሰብ በሆነው፣ ተመራማሪዎች ለጥናት በሚጠቀሙበት አራቢዶፕሲስ የተባለ ትንሽ ተክል ላይ በሚገባ ተጠንቷል። በአበባው ቅጠል ግርጌ በሚገኙ ጥቂት የሕዋስ ረድፎች ውስጥ አይዲኤ የተባለው ጂን ሥራ ሲጀምር፣ ከእሱ የሚገኘው አጭር ፔፕታይድ (ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ) በሕዋሱ ሽፋን ላይ ካሉት ሄሳ እና ኤችኤስኤል2 ከተባሉት ተቀባይ ፕሮቲኖች ጋር ይጣመራል፤ መልእክቱም ወደ ውስጥ አልፎ፣ ሕዋሶችን እርስ በርስ ያጣበቀውን ፔክቲን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች እንዲመረቱ ያደርጋል። ይህ ጂን የተበላሸበት ተክል አበባው ጠውልጎ ቢደርቅም የአበባ ቅጠሎቹን አይጥልም። ለጥያቄዎ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

መልስ 2፦ በዚህ ላይ ተክሎች ስለሚያመነጩት ኢታይሊን ስለተባለው ሆርሞን ልጨምር። ይህን ሆርሞን መለየት የማይችሉ የአራቢዶፕሲስ ተክሎች ዘግይተውም ቢሆን የአበባ ቅጠላቸውን ያረግፋሉ፤ ስለዚህ ኢታይሊን ሥራውን ያፋጥናል እንጂ ብቻውን አያዝዘውም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህ እውቀት ለገበሬ ይጠቅማል?

መልስ 1፦ አዎን፤ ጆይንትለስ የተባለው ጂን በተለወጠባቸው የቲማቲም ዝርያዎች የፍሬው ዘንግ መላቀቂያ አንጓ ስለሌለው፣ ፍሬው ያለ ዘንጉ ይለቀማል፤ ይህም በማሽን ለሚለቅሙ አምራቾች እጅግ ይጠቅማል።