ዝናብና ኒዮን ብቻ ያልሆነ የሳይበርፐንክ ጌም ጠቁሙኝ

ሌሊት_ወፍ

ሰላም ሰዎች። ሳይበርፐንክ 2077ን ጨረስኩት፣ በ2023 የተጨመረለትን ፋንተም ሊበርቲንም ጭምር። አሁን ሌላ ጌም ሁሉ አልጥም ብሎኛል። ፍለጋ ስገባ «ምርጥ የሳይበርፐንክ ጌሞች» (ቴክኖሎጂው የረቀቀበት፣ ኩባንያ የነገሠበት፣ ተራው ሰው የተረገጠበት የወደፊት ዓለም ማለት ነው) ተብሎ የሚደረደረው ግማሹ ሐምራዊ መብራትና ሰይፍ የያዘ ሰውዬ ነው። ያምራል፣ አልጠላሁትም፣ ግን እኔን የያዘኝ እሱ አይደለም።

የያዘኝ ገና መጀመሪያው ላይ ያለችው ቦታ ናት። በረዶ በሞላው ገንዳ ውስጥ የተኛችውን ሴትዮ ታወጣታለህ፣ ትራውማ ቲም ከሰማይ ዱብ ይላል፣ የሕክምና ቡድን ተብዬዎቹ መጀመሪያ መሣሪያ ይደግኑብሃል። እሷ የከፈለች ደንበኛ ናት፣ አንተ ማንም አይደለህም፣ በቃ ወደኋላ በል። እንዲህ ዓይነት ስሜት ያለው ጌም ካለ ጠቁሙኝ። 2077ን የተጫወትኩት በሰው ኮንሶል ነው፣ የኔ ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ስለዚህ ከባድ ነገር አትንገሩኝ።

ደግሞ አንዱ ጓደኛዬ ስትሬይም ሳይበርፐንክ ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ። ድመት ሆነህ የምትዞርበት ጌም እኮ ነው! እሱ ከሆነ ያልሆነው የቱ ነው?

ኮድ_ቀማሪዋ

ሲቲዝን ስሊፐር። በ2022 የወጣ ነው፣ ቀላል ነው፣ ላፕቶፕህን አያስጨንቀውም። ተኩስ የለውም፣ ንባብ ይበዛዋል፣ ማንበብ ካልወደድክ ከአሁኑ ተወው።

የምትሆነው የአንድ ሰው አእምሮ ቅጂ የተጫነበት ሰው ሠራሽ አካል ነው። አካሉ ያንተ አይደለም፣ ኤሰን አርፕ የሚባል ኩባንያ ንብረት ነው። አምልጠህ አንድ የተጎሳቆለ የጠፈር ጣቢያ ላይ ትደርሳለህ። ችግሩ ኩባንያው ንብረቱ እንዳይጠፋበት ሲል አካሉን የሠራው ከጊዜ ጋር እንዲፈርስ አድርጎ ነው፣ ማረጋጊያ መድኃኒት ካላገኘህ አለቀልህ። አሁን ጨዋታውን እይ። በየዑደቱ (በየቀኑ በለው) መጀመሪያ ዳይስ ይጣልልሃል፣ ጤነኛ ከሆንክ አምስት፣ እየደከምክ ስትሄድ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት። አንዱን ሥራ በአንዱ ዳይስ ነው የምትሠራው። ስለዚህ ስትታመም የምትሠራው ይቀንሳል፣ የምትሠራው ሲቀንስ ገንዘብ አይኖርህም፣ ገንዘብ ከሌለህ መድኃኒት የለም፣ መድኃኒት ከሌለ ደግሞ ነገ ከዛሬ የባሰ ትታመማለህ። ታሪኩን ሳታነበው እንኳ ሒሳቡ ብቻውን አንገትህን ያንቅሃል።

ለኔ ሳይበርፐንክ ይሄ ነው። ቴክኖሎጂው ሰውነትህ ውስጥ ገብቷል፣ ቁልፉ ያለው ግን ሌላ ሰው እጅ ነው። መብራቱ ሐምራዊ ሆነ ቢጫ ግድ የለኝም።

ጆይስቲክ_ሰባሪ

ኧረ በናትሽ ኮድ ቀማሪዋ፣ «ለኔ ሳይበርፐንክ ይሄ ነው» እየተባለ ነገሩ እስከመቼ ይጠባል? ጌም በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ሰው ጎስትረነርን ከፍቶ ያንን ወደ ሰማይ የተሰቀለ ግንብ፣ ያንን መብራት፣ ያንን ሙዚቃ ሲያይ ሳይበርፐንክ መሆኑን ማንም አስረድቶት አይደለም የሚያውቀው። አንድ ምት ካረፈብህ ትሞታለህ፣ ወዲያው ትነሳለህ፣ ደግመህ ትሮጣለህ። 2020 ላይ ሲወጣ ሌሊቱን ሙሉ ስጫወት ነው ያደርኩት። ስለ ባለቤትነት ምናምን አላሰብኩም፣ ማሰብም አልፈለግኩም።

በዚያ ላይ ያንቺን መለኪያ ከወሰድን ግማሹ የሳይንስ ልብወለድ ሳይበርፐንክ ሊሆን ነው። ጠፈር ላይ ያለ ጣቢያ? ከተማው የታለ? መንገዱ የታለ? ሕዝቡ ተጨናንቆ፣ ከላይ ሀብታም ከታች ምስኪን የሆነበት ከተማ ከሌለ እኔ አልፈርምም።

ለጠያቂው ግን ጎስትረነር ላፕቶፕህ ላይ አይሠራም፣ እርሳው።

አሮጌ_ዲስኬት

ከተማ ካልኖረ አልፈርምም ያልከው ልጅ፣ ሲስተም ሾክን ከዝርዝሩ ልታወጣው ነው? 1994 ላይ የወጣ ጌም ነው፣ ታሪኩ ሳተርን አጠገብ ባለ የጠፈር ጣቢያ ላይ ነው የሚያልፈው፣ ዝናብ የለም፣ መንገድ የለም። ግን አጀማመሩን እየው። አንተ ሀከር ነህ፣ ተይዘሃል። አንድ የኩባንያ ኃላፊ ይመጣና «የሻዳንን (ጣቢያውን የምታስተዳድረው ሰው ሠራሽ አእምሮ ናት) የሥነ ምግባር ገደብ ንቀልልኝ፣ ክሱን እተውልሃለሁ፣ ወታደራዊ ቺፕ ጭንቅላትህ ውስጥ እተክልልሃለሁ» ይልሃል። ትነቅለዋለህ። ከእንቅልፍህ ስትነቃ ጣቢያው ውስጥ ያለው ሰው አልቋል። ከዚህ በላይ ሳይበርፐንክ የሆነ ነገር ካለ አሳየኝ።

ሌሊት ወፍ፣ ላንተ የምመክርህ ግን በ2000 የወጣውን ዴየስ ኤክስ ነው። ግራፊክሱ ያረጀ ነው፣ የሰዎቹ ፊት ሳጥን ነው፣ መጀመሪያ ላይ መሣሪያህ ኢላማ አይመታም፣ ትናደዳለህ። ታገስ። ወረርሽኝ አለ፣ ክትባቱ አለ፣ ግን በቂ አይደለም፣ የሚደርሰው ደግሞ ለባለሥልጣንና ለባለገንዘብ ነው። የትራውማ ቲም ስሜት ያልከው ከመጀመሪያው ደሴት ጀምሮ እዚያ አለ። ላፕቶፕህ የፈለገውን ያህል ደካማ ቢሆን ይሠራል።

የ2011ዱ ዴየስ ኤክስ ሂውማን ሬቮሉሽንም ጥሩ ነው፣ ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ። የምትጫወትበት ሰው አዳም ጄንሰን ተጎድቶ ራሱን ስቶ ሳለ አለቃው ሕይወቱን ለማትረፍ ከሚያስፈልገው በላይ አካሉን በማሽን ይተካበታል። የሥራ ውል ስለፈረመ! እዚያ ዓለም ውስጥ ሰው ሠራሽ አካል ያስገባ ሁሉ ሰውነቱ እንዳይገፋው ኒውሮፖዛይን የሚባል መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይገዛል። የሚገርመው ጄንሰን ራሱ አያስፈልገውም። እኔ እዚህ ላይ ጌሙ የፈራ ይመስለኛል። ተጫዋቹ ጀግና እንዲሆን ብለው ዋናውን ሸክም ከጫንቃው አወረዱለት። ሲቲዝን ስሊፐር ያንን አልፈራም፣ ኮድ ቀማሪዋ እዚህ ላይ ልክ ናት።

ጆይስቲክ_ሰባሪ

እሺ ሲስተም ሾክን ተቀበልኩ፣ ለአዛውንት ክብር ስል 😂 ግን መልኩ ምንም አይደለም ማለት ልክ አይደለም። ሻዶውረን የሚባሉት ጌሞች ውስጥ አስማት አለ፣ ኤልፍ አለ፣ ዘንዶ አለ። ያም ሆኖ ማንም ሳይበርፐንክ አይደለም አይልም። ለምን? መልኩ ስላለው።

ኮድ_ቀማሪዋ

ዘንዶው እኮ የኩባንያ ባለቤት ነው! ሎፍዊር ይባላል፣ በጌሙ ዓለም ትልቁ ኮርፖሬሽን አናት ላይ ተቀምጦ ነው የሚያዘው። ያንተን ምሳሌ ለኔ ሰጠኸኝ። በነገራችን ላይ የ2014ቱ ሻዶውረን ድራጎንፎል ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ በየተራ የሚዋጉበት ነው፣ በርሊን ውስጥ ነው፣ ጽሑፉም ከተከታታዮቹ ሁሉ የኔ ምርጥ ነው። ሌሊት ወፍ ያዘው።

ሌላ ልጨምር፦ ቫ ኢለቨን ሆል ኤ፣ 2016። ሁለት የቬንዙዌላ ልጆች የጀመሩት ጌም ነው። ጂል የምትባል የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ነሽ፣ ዓለም ውጪ ይንደዳል፣ አንቺ መጠጥ ትቀላቅያለሽ፣ ሰው ይመጣል ያወራል ይሄዳል። የምትመልሺውን መምረጥ እንኳ አትችዪም፣ ታሪኩን የምትቀይሪው በምትቀጂው መጠጥ ብቻ ነው። ስርዓቱን የሚገለብጥ ማንም የለም። የቤት ኪራይ ነው የሚያስጨንቃት።

ሌሊት_ወፍ

ስትሬይን ማንም አልነካውም እኮ። ድመቱስ?

አሮጌ_ዲስኬት

ስትሬይን እስከ መጨረሻው ሄደህበታል? የታችኛው ሰፈር ላይ ካቆምክ ቆንጆ ግድግዳ ያለው የድመት ጌም ነው። ላይ ያለው ሚድታውን ስትደርስ ኔኮ የሚባለው ኩባንያ ፋብሪካ አለ፣ ሰው ጠፍቶ ሮቦቶቹ አሁንም ሲሠሩ ታያለህ፣ ጠባቂ ድሮኖቹ አሁንም የሚጠብቁት ፋብሪካውን ነው። አለቃ የለም፣ ደሞዝ የሚቀበል የለም፣ ሥራው ግን ቀጥሏል። ጓደኛህ ቢያንስ ግማሽ ነጥብ አለው።

ጆይስቲክ_ሰባሪ

ከተማም አለው፣ ኒዮንም አለው። ሙሉ ነጥብ ስጡት።

ሌሊት_ወፍ

ለጓደኛዬ አልነግረውም፣ ከነገርኩት አንቀመጥም። ሲቲዝን ስሊፐርን እያወረድኩ ነው፣ ቀጥሎ ድራጎንፎል። ዴየስ ኤክስን የፊቶቹን ስክሪንሾት አይቼ ትንሽ ፈራሁ።

ኮድ_ቀማሪዋ

ሲቲዝን ስሊፐርን ስትጀምር ገንዘብህን ምግብ ላይ ብቻ አትጨርስ፣ ለማረጋጊያው ከመጀመሪያው ማስቀመጥ ጀምር። የሚያድንህ ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሰዎቹ ጋር ስታወራ ነው የሚከፈትልህ፣ ስለዚህ ንግግሩን እየዘለልክ አትለፍ።