ሥራዬን ለቅቄ ጀርመንኛ ልማር? (ከደብረ ማርቆስ)

የማርቆሷ መምህርት፦
እንደምን ዋላችሁ የአገሬ ልጆች። እኔ እዚህ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አምና ጥር ላይ አገባሁ። ባለቤቴ የሰፈራችን ልጅ ነው። በ15 ዓመቱ አባቱ ዘንድ ጀርመን ሄዶ እዚያው አደገ፤ አሁን ፍራንክፈርት አውቶቡስ ይነዳል። ከሠርጉ በኋላ ሦስት ሳምንት አብረን ቆየን፤ ከዚያ ወዲህ ያለን ስልክ ብቻ ነው።

ቪዛ ለመጠየቅ መጀመሪያ ኤ1 የሚሉትን የጀማሪ ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና ማለፍ አለብኝ። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ተፈተንሁ። ከ100 ያመጣሁት 54 ነው፤ ማለፊያው 60። ማንበቡም መጻፉም አላስቸገረኝም፣ የጣለኝ ማዳመጡ ነው። የምማረው በስልክ ነው፤ እዚህ ደግሞ ዳታው ሲመጣ ሲጠፋ አንድ ትምህርት ጀምሬ የጨረስሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ባለቤቴ «ሥራሽን ልቀቂ፤ አዲስ አበባ ቤት ልከራይልሽና ስድስት ወር ቁጭ ብለሽ ተማሪ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «ቪዛው ቢቀርስ? ዘጠኝ ዓመት የለፋሽበትን ጥለሽ ምን ልትሆኝ ነው?» ትላለች። ድሮም ለሠርጉ ሽማግሌ ሲመጣ «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ስትል የነበረች ናት። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ መሀል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሌላም የሚያስፈራኝ አለ። ከሄድሁ በኋላ ባንስማማ ወዲያው ውጭ እባላለሁ? ያለፈበት ሰው ይምከረኝ።

የቡሬ ልጅ፣ ሜሪላንድ፦
እኅቴ፣ ትዳርሽን ይባርክልሽ። እኔ ባለቤቴን ያመጣኋት ራሴ ነኝ፤ ነገሩን በደንብ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ባልሽ ሚስቴን ላምጣ ብሎ የሚያመለክትበትን አይ-130 የሚባል ፎርም ያስገባል። ዜጋ ከሆነ ኮታ የለበትም፤ ግሪን ካርድ ብቻ ከያዘ ወረፋ አለ። ቀጥሎ እኔ አስተዳድራታለሁ ብሎ የሚፈርምበት አይ-864 ይመጣል። ይህን ፎርም እንደ ቀላል እንዳታዩት። ገቢው መንግሥት ካስቀመጠው የድህነት መነሻ 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ አብሮት የሚፈርም ሰው ይፈልጋል። ፈራሚው ብትፋቱም አይለቀቅም። አንች ዜጋ እስክትሆኝ ወይም 40 ሩብ ዓመት ሥራ እስኪቆጠርልሽ ድረስ ኃላፊነቱ በእሱ ላይ ነው። እኔ ለአጎቴ ልጅ ሚስት አብሬ ፈርሜ፣ ባልና ሚስቱ ተለያይተው እኔ እስከ ዛሬ ከዚያ ፊርማ አልወጣሁም።

ጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከገባሽ የሚሰጥሽ ካርድ የሁለት ዓመት ነው። ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ገደቡን የሚያስነሣው አይ-751 ፎርም ይገባል፤ ይህን ቀን ረስተው የተቸገሩ ሰዎች አይቻለሁ። ከዜጋ ባልሽ ጋር አብረሽ ከኖርሽ በሦስት ዓመት፣ አለዚያ በአምስት ዓመት ዜግነት ትጠይቂያለሽ። ፎቶውን፣ የስልክ ጥሪውን፣ ገንዘብ የላከበትን ደረሰኝ አንድም እንዳትጥይ።

የደጀኗ፣ ሽቱትጋርት፦
አያ፣ የጻፍኸው እውነት ነው፤ ግን የአሜሪካ ነው። ልጅቱ የጠየቀችው የጀርመንን ነው።

እታለም፣ እኔም የመጣሁት አንች በያዝሽው መንገድ ነው፤ 11 ዓመት ሆነኝ። የቋንቋው ግዴታ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያለ ነው። የማይጠየቁ አሉ፤ ለምሳሌ ባሏ ብሉ ካርድ የሚባለውን የባለሙያ ፈቃድ የያዘ፣ ወይም ባሏ ጥገኝነት አግኝቶ ጋብቻቸው ከመሰደዱ በፊት የነበረ። አንች ከእነዚህ አይደለሽም፤ ስለዚህ ፈተናው አይቀርልሽም። 54 ያመጣ ሰው ግን ለማለፍ ሩቅ አይደለም። የፈተናውን ናሙና ድምፅ ዳታ ባለበት ሰዓት አውርደሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጭ። ወጥ ስትሠሪም ልትተኝ ስትይም ደጋግመሽ ስሚ። የሚጠየቀው ቁጥር፣ ሰዓት፣ ዋጋ፣ የባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ ነው። ጀርመኖች 21ን «አንድና ሃያ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ስልክ ቁጥር ሲነገር እኔን የጣለኝ ይኸው ነበር። ቁጥሩን ብቻ ሁለት ሳምንት አጥኝው።

ሥራሽን አትልቀቂ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቂ፤ ክረምቱንም ጨምሪበት። እኔ ለቅቄ ነበር። ቪዛው 14 ወር ፈጀ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጨው ሲያልቅብኝ እንኳ የምደውለው ለባሌ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ከልክሎኝ አያውቅም። ግን ከሰው እጅ መጠበቅ ያሳንሳል፤ እዚህ ከመጣሁም በኋላ ያ ስሜት ሳይለቀኝ ቆየ።

ሰነድሽን ከአሁኑ አስተያይው። በባለቤቴ ፓስፖርት ላይ የአባቱ ስም በአንድ የላቲን ፊደል ከጋብቻ ወረቀታችን ይለይ ነበር። ለዚያች ፊደል አራት ወር ተንከራተትን። የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመለስም ተጠንቀቂ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ 7 ዓመት ይደምራል፣ ከዚያ ወዲህ የተወለደ 8። በቁርባን ብትጋቡም የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ የወሳኝ ኩነት ሰርተፍኬት ያዥ። የቪዛው ሰዎች እኔንና ባሌን ለየብቻ ነበር የጠየቁን። ሽማግሌ ማን ማን እንደሄደ፣ ሠርጉ ላይ ስንት ሰው እንደነበር፣ ባሌ ስንት ሰዓት ሥራ እንደሚገባ። እውነቱን ለሚኖር ሰው ከባድ አይደለም።

ስለ መለያየቱ፦ ጀርመን ውስጥ በትዳር ሦስት ዓመት አብራችሁ ከኖራችሁ በኋላ መኖሪያ ፈቃድሽ በራስሽ ይቆማል፤ ብትለያዩም አይነጠቅም። ድብደባ ካለ ሦስት ዓመቱ አይጠበቅም። እንደገባሽም መሥራት ትችያለሽ። ይህን ባልሽም ይወቀው፣ አንችም እወቂው።

አንድ ያልነገርሽን አለ። ባልሽ የያዘው የጀርመን ፓስፖርት ነው ወይስ መኖሪያ ፈቃድ?

የማርቆሷ መምህርት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ። ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ነው ያለው፤ ፓስፖርቱ የእኛው ነው። ዜግነት ጠይቅ ሲሉት «አባቴ በሕይወት እያለ አላደርገውም» ይላል። የአንድና ሃያው ነገር ገባኝ፤ እኔም እዚያው ላይ ነው የተምታታብኝ።

የቢቸና ልጅ፣ ሙኒክ፦
እንግዲያውስ ከሥራው ይልቅ ይህን ተነጋገሩበት። ባል የጀርመን ዜጋ ሲሆን የሚስት መንገድ ይቀላል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ገቢ አሳይ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው ይቀራል። ፈተናው ባይቀርም፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ፌዴራል የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ለዜጋ ባል ወይም ሚስት አላልቶታል፤ ዓመት ሙሉ ጥራ ያልተሳካላትን፣ ወይም ለመማር በማይመች ቦታ ያለችን ሴት ከባሏ ለይቶ ማቆየት አይገባም ብሏል። ስለዚህ ዳታ በሚጠፋበት ከተማ ሆነሽ ስትማሪ የከፈልሽበትን ደረሰኝ፣ የ54ቱን ውጤት ሳይቀር አስቀምጭ።

ዜግነቱ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጁን 27 ቀን 2024 ወዲህ ጀርመን የቀድሞ ዜግነትህን ተው አትልም። አምስት ዓመት የኖረ፣ ከኤ1 ሁለት ደረጃ ከፍ ያለው ቢ1 ቋንቋ ያለው፣ ራሱን የሚያስተዳድር ሰው በዜግነት ፈተናው ከ33 ጥያቄ 17 ከመለሰ 255 ዩሮ ከፍሎ ያመለክታል። አንችም በኋላ የዜጋ ሚስት ሆነሽ ሦስት ዓመት ከኖርሽ፣ ትዳሩም ሁለት ዓመት ከሞላው መጠየቅ ትችያለሽ። እኔ አምና ወሰድሁ። ወረቀት ነው፤ ልቤ ያለው ቢቸና ነው።

የዲማው፣ ቶሮንቶ፦
ወረቀት ነው አትበል ልጄ። ጀርመን ተው ባይልህ የአገርህ ሕግ ይልሃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደውን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ማንም አልነጠቀህም፤ በገዛ እጅህ ነው የፈረምኸው። እኔ ካናዳ 32 ዓመት ስኖር ፓስፖርቴ ያው ነው። አባቴ በጣሊያን ጊዜ ከበላይ ዘለቀ ጋር ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ነው። ሌላ ባንዲራ ፊት እጄን አንሥቼ ልምል? አልቻልሁም።

አንች ልጄ ለራስሽ አትስጊ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ላይ የውጭ ዜጋ ማግባት ብቻውን ዜግነት አያሳጣም ይላል። ባልሽ ያለው ነገር ደስ ብሎኛል፤ አትጎትጉችው።

የቢቸና ልጅ፣ ሙኒክ፦
ጋሼ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር። ግን የእኔንም ይስሙኝ። እናቴ የታመመች ጊዜ ፓስፖርቴ ጊዜው አልፎበት ነበር። ለማሳደስ ባስገባሁበት መሥሪያ ቤት አምስት ወር ተቀመጠ። በየሳምንቱ ስደውል «ገና ነው» ይሉኛል። እናቴ ተቀበረች፣ ሰልስቷ አለፈ፣ ለአርባዋም አልደረስሁም። ያን ጊዜ የያዝሁት ፓስፖርት የኢትዮጵያ ነበር፤ አገሬ አላስገባኝም። ዛሬ በጀርመኑ ፓስፖርትና ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ እገባለሁ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅ ያለ ሥራ ፈቃድም ያሠራኛል። እናት ግን ሁለተኛ አትሞትም።

የዲማው፣ ቶሮንቶ፦
እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ፤ ይህን አላወቅሁም። ቢሆንም ቢጫው ካርድ መምረጥም መመረጥም አያስችልህም፣ መከላከያም ውጭ ጉዳይም አያስቀጥርህም። በአገርህ ላይ ድምፅ ሳይኖርህ በአገርህ ላይ ስትከራከር ትኖራለህ። እኔ የምለው ይህን ነው።

የፍኖተ ሰላሟ፣ ለንደን፦
ዜግነቱን ስትነጋገሩ እኔን ሌላ ነገር አመመኝ። እኔም ለፍቅር ብዬ ነው የመጣሁት። እንደ መጣሁ ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ባሌ የማታ ፈረቃ ነበር። መብራት ሳላበራ መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ የማርቆስን የሚያዝያ 30 ንግሥ አስብ ነበር፤ ጥላው፣ እልልታው፣ ከሩቅ የመጡት ገጠሬዎች። ሰው ስለ ቪዛ ይነግርሻል እንጂ ስለዚያ ጭለማ የሚነግርሽ የለም።

ከዚያ ደግሞ ገንዘቡ ይመጣል። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ወጣ። የቤተሰቦቼም ጥያቄ አብሮ ወጣ። «አሁንማ ብዙ ይሆንልሻል» ይሉኛል። የእኔ ደመወዝ በፓውንድ ያው ነው፣ ኪራዩ ግን ጨመረ። እነሱም ውሸታቸውን አይደለም፤ ዘይቱም ማዳበሪያውም እጥፍ ሆኖባቸዋል። መላኬን አልተውሁም፣ ግን ወሩ በተያዘ በ20ኛው ቀን ኪሴ ባዶ ነው።

እናትዓለም፣ ከመሄድሽ በፊት ከባልሽ ጋር ለእናትሽ በወር ስንት እንደምትልኪ ተስማሙ። ቁጥሩን ጥሩት። እኔ አፍሬ ሳልናገር ቀርቼ፣ የመጀመሪያው ጠባችን የመጣው ለእናቴ የዓይን ሕክምና በላክሁት ገንዘብ ነው።

የቡሬ ልጅ፣ ሜሪላንድ፦
ይህ እውነት ነው። እዚህ አሜሪካም ትዳር የሚያፈርሰው ሐዋላ ነው። ጋሼ ግን ስለ ዜግነቱ ያሉትን ልቀበል አልችልም። እኔ ዜግነት ባልወስድ ኖሮ ሚስቴ ዓመታት ወረፋ ላይ ነበረች። ለባንዲራ ብዬ ሚስቴን ላስቀምጣት ነበር?

የዲማው፣ ቶሮንቶ፦
ለባንዲራ ብለህ አልልህም። እያንዳንዳችን ለሚስት፣ ለእናት፣ ለልጅ ብለን እየወሰድን ጎጃሜነት በሠርግና በለቅሶ ብቻ የሚታወስ ሆነ እልሃለሁ። የእኔ ልጆች ካናዳውያን ናቸው። የመጀመሪያ ልጄ ዲማ ጊዮርጊስ የት እንደሆነ አያውቅም። ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

የደጀኗ፣ ሽቱትጋርት፦
አባቴ፣ ይረጋጉ። ልጆችዎን በበጋው ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ቅኔ ቤቱን፣ ገዳሙን ያሳዩአቸው። ግን እባካችሁ፣ ልጅቱ የጠየቀችው ሥራዋን ትልቀቅ ወይ ብላ ነው።

የማርቆሷ መምህርት፦
ዳታ ያገኘሁት ዛሬ ነው፤ ሁሉንም አነበብሁት። ጋሼ የጻፉትን ለእናቴ ሳነብላት አለቀሰች። ለባለቤቴም የሙኒኩን ወንድሜን ጽሑፍ ላክሁለት፤ አንብቦ ዝም አለ፣ «ማታ እንነጋገር» ብሎኛል።

ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ርዕሰ መምህሩ «እኔ አልፈርምም፤ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቂ» አሉኝ። እዚያ ስሄድ ደግሞ ከርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ አምጭ ተባልሁ። ፈቃዱ እስከ ስንት ወር እንደሚሰጥ፣ ቦታዬስ ይጠበቅልኝ እንደሆነ የምታውቁ አላችሁ? ከእናንተ መሀል መምህር የነበረ ይኖራል ብዬ ነው። የሚቀጥለው ፈተና ምዝገባ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

የቢቸና ልጅ፣ ሙኒክ፦
ጋሼ፣ «ድምፅ ሳይኖርህ ትከራከራለህ» ያሉኝን ይዤ ነው ያደርሁ። ልክ ነዎት፣ መምረጥ አልችልም። እርስዎስ በ32 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ መረጡ?