ኪራይ ላይ እያለች የተጋጨችው መኪናዬ፣ ኢንሹራንሱ ሶስት ወር ሙሉ እያጉላላኝ ነው! ምን ላድርግ?

ባለቪትዟ፦ ሰላም ወገኖች፣ ቸኩያለሁ። ያከራየኋት ቪትዝ አዳማ መግቢያ ላይ ተጋጭታ ይኸው ሶስት ወሯ። ሙሉ ኢንሹራንስ አላት። ክሌም (የካሳ መጠየቂያ ፎርም) ሞልቻለሁ፣ የትራፊክ ሪፖርትና ፕሮፎርማም አስገብቻለሁ። በሄድኩ ቁጥር «ኃላፊው አልፈረመም፣ ሰኞ ና» ነው። ትናንት ጋራዥ ሄጄ አየኋት። የፊት መብራቷ በሽቦ ተንጠልጥሏል፤ መስታወቷ ላይ የሰፈር ልጆች በአቧራው ስማቸውን ጽፈውበታል። ሆዴ ተላወሰ። የባንክ ዕዳዋን የምከፍለው ከኪራይዋ ነበር። ጋራዡም የማቆሚያ ሊያስከፍለኝ ነው።

ጋሽ መካሪ፦ ልጄ፣ መኪና ለማያውቁት ሰው አይሰጥም። መንጃ ፈቃዱን ኮፒ አድርገሃል? ተያዥ ጠርተሃል? እኛ ድሮ በሬ እንኳ ስናውስ ሽማግሌ እናስቀምጥ ነበር።

ሳምሪ፦ በቃል አትመላለስ። ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጻፍ። ያስገባኸውን ሰነድ ሁሉ ከነቀኑ ዘርዝር። «አንከፍልም ካላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» በል። መዝገብ ቤት አስገባና ኮፒህ ላይ ማህተም አስመታ። እኔ እንደዚያ ሳደርግ በሳምንቱ ደወሉልኝ።

የሰፈር ልጅ፦ ልጆቹ ስማቸውን ከጻፉባት፣ ስም ሳያዞሩብህ ቶሎ አስነሳት 😀

ኪያ፦ ደብዳቤ ጻፍ ወንድሜ። ደብዳቤ።

ባለጋራዡ፦ ቆይ፣ ታርጋዋ ኮድ ስንት ነው?

ባለቪትዟ፦ ኮድ 2፣ የግል ታርጋ። ምን ለውጥ አለው?

ባለጋራዡ፦ ነገሩ እዚህ ጋ ነው እንጂ! የኢንሹራንስ ውሉ «ለግል አገልግሎት» ካለ፣ በኪራይ ላይ ለደረሰ ጉዳት አንከፍልም ብለው ሊከራከሩህ ይችላሉ። አላጉላሉህም ይሆናል፤ ፊት ለፊት ሊነግሩህ ከብዷቸው ነው። ውሉን አውጥተህ አንብብ። ደግሞ «ወንድሜ ነው ሲነዳ የነበረው» እንዳትል! ውሸቱ ከተገኘ ጭራሽ ይዘጋብሃል።

ሄለን፦ ተከራዩስ? የኪራይ ውላችሁ ጉዳት ሲደርስ ማን ይከፍላል ይላል? ሁሉንም ኢንሹራንሱ ላይ አትጣለው።

ጠበቃው፦ ደብዳቤው ካልሠራ፣ ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። ማህተም ያለበትን ኮፒ ይዘህ አቤቱታ አስገባ። ጊዜውንም ጠብቅ፦ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ቁጥር 674፣ ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ጥያቄ በ2 ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አትችልም ማለት ነው። የ2013ቱ አዲሱ ሕግ ይህን ክፍል አልሻረውም። «ሰኞ ና»ን አምነህ አትቀመጥ።

ኪያ፦ ብያለሁ እኮ፣ ደብዳቤ።

ባለቪትዟ፦ ውሉን አገኘሁት። «ለግል» ይላል። ግን ኢንሹራንሱን ስገባ ለኪራይ እንደሆነች ለኤጀንቱ ነግሬው ነበር! እሱ ነው ፎርሙን የሞላልኝ።

ጠበቃው፦ የነገርከው በጽሑፍ ነው? ቴሌግራምም ቢሆን ፈልግ፤ ካገኘህ እንዳታጠፋው።

ሳምሪ፦ ባለቪትዟ፣ አገኘህ?