ናብዋና ፊልም ሰሪ ነው ወይስ የፈረንጅ መሳቂያ?

ታዛቢው፦ አሁንስ በዛ። አንዱ ስለ ናብዋና፣ ካምፓላ ሰፈሩ ውስጥ በርካሽ አክሽን ፊልም ስለሚሰራው የኡጋንዳው ዋካሊዉድ ስቱዲዮ ባለቤት፣ ፖስት አርጎ «ሆሊዉድ ከዚህ ሰውዬ ይማር» ይላል። ምኑን? «ካፒቴን አሌክስ» የሚለውን ፊልሙን አይቼዋለሁ፣ ጠመንጃው ቁርጥራጭ ብረት ሄሊኮፕተሩ የጌም የሚመስል። ፈረንጅ በድህነታችን ይስቃል እኛ እናጨበጭባለን

ካሜራማኑ፦ «ይስቃል» ነው ያልከው? እንዲያስቅ እኮ ነው የተሰራው፣ ቪጄው (ፊልሙ ላይ የሚያወራው ቀልደኛ) ከላይ እስከ ታች ሲቀልድ አልሰማህም?

ታዛቢው፦ ፊልሙ ለብቻው ስለማያስኬድ ነዋ ቪጄ የለጠፉበት

የሌሊት ወፍ፦ ወይ ጉድ። ካምፓላ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የውጪውን ፊልም ሁሉ በሉጋንዳ እየተረጎመ እየቀለደ የሚያሳየው ቪጄ ነው፣ የለመዱት እሱን ነው። ለነሱ የተሰራ ፊልም ነው፣ ፈረንጁ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩቲዩብ ላይ የተለጠፈውን ትሬለር አይቶ ነው የመጣው፣ ማን ጠራው?

ታዛቢው፦ ኪክስታርተር ላይ፣ ኢንተርኔት ላይ ገንዘብ የሚዋጣበት ቦታ፣ አዋጡልኝ ብሎ የወጣው ማነው ታዲያ?

ካሜራማኑ፦ የጠየቀው 160 ዶላር! ከ13 ሺ በላይ ያዋጡት ፈረንጆቹ ራሳቸው ናቸው። የሚስቅ ሰው ኪሱን ይከፍታል?

ታዛቢው፦ ሰርከስም በትኬት ነው የሚገባው

ሒሳብ ነኝ፦ ገንዘብ ካነሳችሁ፣ እኔን የሚያናድደኝ «ካፒቴን አሌክስ በ200 ዶላር ተሰራ» የሚባለው ነው። ኮምፒውተሩን ከአሮጌ እቃ ራሱ ገጣጥሞ፣ ሰፈሩ ውስጥ ቀርጾ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ጉልበት ዜሮ ተብሎ ተደምሮ እኮ ነው 200 የሆነው

የሌሊት ወፍ፦ ተዋናዮቹ ዲቪዲውን እየዞሩ ሸጠው ግማሹን ይወስዱ ነበር፣ በነፃ አይደለም

ሒሳብ ነኝ፦ ካልተሸጠስ?

ካሜራማኑ፦ ደሙን እንዴት እንደሚሰሩት ታውቃላችሁ? ኮንዶም ውስጥ ቀይ ቀለም ሞልተው ልብሳቸው ስር ይደብቁታል፣ ተመታ በተባለበት ጊዜ ይፈነዳል። በፊት የእንስሳ ደም ነበር፣ ሰው ታሞባቸው ነው የተዉት። ይሄን የሚያስብ ጭንቅላት ነው እንግዲህ መሳቂያ የተባለው

ታዛቢው፦ ያ ጭንቅላት የካፒቴን አሌክስን ኦርጅናል ሰርዞታል፣ ለሚቀጥለው ፊልም ቦታ ጠበበኝ ብሎ። ዛሬ ያለ ቪጄ የሚታይ ካፒቴን አሌክስ የለም። ስራውን የሚያከብር ሰው እንዲህ ያረጋል?

የሌሊት ወፍ፦ ሃርድ ዲስክ መግዣ ልከህለት ነበር?

ታዛቢው፦ መልስ የለህም ማለት ነው

ካሜራማኑ፦ የቶሮንቶ ፊልም ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2019 የናብዋናን «ክሬዚ ወርልድ» ፊልም ሚድናይት ማድነስ በሚባለው ክፍሉ ውስጥ አስገብቶታል፣ እነሱም ሊስቁበት ነው?

ታዛቢው፦ ሚድናይት! ሰው ሲተኛ ማለት ነው 😂

የሌሊት ወፍ፦ የአክሽንና የሆረር አፍቃሪ የሚሰለፈው እዛ ነው አንተ ሰው፣ ስለ ፌስቲቫል የማታውቀውን ባታወራ

ታዛቢው፦ ስድብ ተጀመረ፣ ሲያልቅባችሁ እኮ ነው

ሒሳብ ነኝ፦ የዲቪዲውን ጥያቄ ግን የመለሰልኝ የለም