አስቸኳይ፦ ስብሰባው ደጃፍ ቆመናል፣ «ክሎዝድ» ይላል

እህት_ነኝ፦ ሰላም ወገኖች፣ ቶሎ መልሱልኝ። ወንድሜን ስንት ለምኜ ዛሬ እሺ አለኝና ኤኤ (መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚገናኙበት) ስብሰባ ይዤው መጣሁ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ተቆልፏል። ስልኬ ላይ ያለው ዝርዝር ደግሞ ከሰዓቱ ጎን «ክሎዝድ» ይላል። ተሰርዟል ማለት ነው? ሌላ የት ልውሰደው? መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ «አልኩሽ እኮ» እያለኝ ነው። አንዴ ወደ ቤት ከተመለስን በቃ፣ ሁለተኛ አይወጣልኝም።

የሸገር_ልጅ፦ የት ሀገር ነሽ እህት? ስንት ሰዓት ነው የሚለው?

እህት_ነኝ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋ! 7፡30 ይላል። አሁን 7፡15 ነው።

የሸገር_ልጅ፦ እኛ ጋ 7፡30 ምሳ ተበልቶ ቡና የሚቆላበት ሰዓት ነው። ይቅርታ፣ ዝም ልበል።

ጋሽ_አንባቢ፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ጥሩ ነው። ኤኤ፣ ማለትም አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ኦሃዮ ውስጥ፣ አክሮን ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ ሄዶ ሥራው ይበላሽበታል። ካረፈበት ሆቴል ቡና ቤት የሚሰማው ጫጫታ ልቡን ሲስበው ስልክ አነሳና የሚያወራው ሌላ ጠጪ ፈለገ። ያገናኙት ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር ነበር። እንግዲህ…

ቡና_ብቻ፦ ጋሼ፣ ልጅቷ ፓርኪንግ ላይ ናት! እህቴ፣ እንዳትሄጂ። እዚህ ላይ «ክሎዝድ» ማለት ተዘግቷል ማለት አይደለም። መጠጥ ላስቸገረውና ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ የሆነ ስብሰባ ማለት ነው። «ኦፕን» የሚለው ላይ ቤተሰብም፣ ማንም ይገባል። ስለዚህ እሱ ይግባ፣ አንቺ ውጭ ጠብቂው። ዋናውን በር ተዪው። በጎን ወይም በጀርባ ዙሪና ወደ ቤዝመንት የሚወርድ ደረጃ ፈልጊ። ደጅ ቆመው የሚያጨሱ ሰዎች ካየሽ እነሱ ናቸው። እኔ ካቆምኩ 6 ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያ ቀን የተቆለፈ በር ስጎትት ነበር።

ወለተ_ማርያም፦ ለምን ፈረንጅ ጋ ትወስጂዋለሽ? ሃይማኖቱን ሊያስለውጡት ነው። ጠበል ውሰጂው። የአጎቴ ልጅ አረቄ የተወው በጠበል ነው።

ቡና_ብቻ፦ አዳራሹን ነው የተከራዩት እንጂ የቤተ ክርስቲያኑ አይደሉም። ፈጣሪ ይነሳል፣ ግን «አንተ እንደምትረዳው» ነው የሚሉት። እኔ ጠዋት ጠበሌን ጠጥቼ ማታ ስብሰባ እሄዳለሁ፤ እስካሁን የተጣሉበት ቀን የለም።

ዳላስ_ነዋሪ፦ ሚቲንግ ጋይድ የሚባል የኤኤ ስብሰባ መፈለጊያ አፕ አለ። በነፃ ነው፣ አውርጂው።

እህት_ነኝ፦ እሱን አይቼ ነው እኮ የመጣሁት!

እውነቱ_ይነገር፦ ጎትተሽ ወስደሽው ምን ይጠቅመዋል? ራሱ ካልፈለገ ልፋት ነው። አል-አኖን የሚባል የጠጪ ቤተሰቦች ስብሰባ አለ፣ አንቺ እዚያ ሂጂ።

እህት_ነኝ፦ ማን ጎተተው? ትናንት ማታ ራሱ ነው «ደከመኝ» ያለኝ። ከዚያ ወዲህ አልቀመሰም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በላብ ሆኗል። ፈርቶ ነው መሰለኝ።

ነርሷ፦ ፍርሃት ብቻ ላይሆን ይችላል። በየቀኑ ነው የሚጠጣው? ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም፣ የመጨረሻውን መለኪያ ከጠጣ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ጀምሮ መንቀጥቀጥና ላብ ይመጣል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን መቃዠት ሊከተል ይችላል። ይገድላል እኮ። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይታይ። ከጣለው ወይም የሌለ ነገር ካየ 911 ደውይ። አስተርጓሚ ሆስፒታሉ በነፃ ያቀርባል። አንቺ አታስተርጉሚለት፤ እህቱ ፊት ስንት እንደሚጠጣ እውነቱን አይናገርም።

ዳላስ_ነዋሪ፦ አፑ ላይ የከተማውን ስም ስትጽፊ ይመጣል።

እህት_ነኝ፦ በየቀኑ ነው፣ 4 ዓመት ይሆነዋል። ወይኔ። የኋላውን በር አገኘሁት፣ አንድ ሽማግሌ ከፍቶ በእጁ እየጠራን ነው። ወንድሜ ከመኪና ወርዷል! «ስንት ያስከፍላሉ?» ይለኛል።

ቡና_ብቻ፦ ክፍያ የለም። ቅርጫት ይዞራል፣ አንድ ሁለት ዶላር የሚጥል ይጥላል፤ ከአዲስ ሰው አይጠበቅም። የራሱን ስም ብቻ ይበል፣ የአባቱን ስም የሚጠይቀው የለም። ተራው ሲደርስ «ዛሬ ልስማ» ቢል ይበቃል። ሀበሻ ያየኛል ብሎ ከፈራ፣ የሚያየው ሀበሻም ለዚያው ነው የመጣው። ቡናውን ደግሞ ግማሽ ኩባያ ይቅዳ። እኔ በዚያ እጄ ሙሉ ቀድቼ ሱሪዬን ነው ያጠጣሁት።

ነርሷ፦ ስብሰባው ነገም አለ። 4 ዓመት በየቀኑ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ጋ።

ቡና_ብቻ፦ ልክ ናት፣ እሷን ስሚ። መንቀጥቀጡን ለሽማግሌው ንገሪው፣ ብዙ አይተዋል፤ አብሯችሁ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

የሸገር_ልጅ፦ እህት፣ ገባ? ወይስ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ?

ጋሽ_አንባቢ፦ የጀመርኩትን ልጨርስ። ዶክተር ቦብ ለ15 ደቂቃ ብቻ ብሎ ነበር የመጣው። ከ6 ሰዓት በላይ ሲያወሩ ቆዩ።

የሸገር_ልጅ፦ እህት?

ዝምተኛዋ፦ ይሄ ከተጻፈ ሳምንት አልፎታል፣ ዛሬ ነው ያገኘሁት። እኔ የምጠይቀው ለራሴ ነው። ቨርጂኒያ ነኝ። ወንዶች ያሉበት መግባት ይከብደኛል። የሴቶች ብቻ አለ?

ቡና_ብቻ፦ አለ የኔ እህት። ዝርዝሩ ላይ «ውሜን» የሚለውን ምረጪ። ቤትሽ ሆነሽ በስልክ የምትገቢበትም አለ፤ ብዙዎቹ ላይ ካሜራ ሳትከፍቺ መስማት ትችያለሽ። ግን በየቀኑ ከሆነ የምትጠጪው፣ ነርሷ ከላይ የጻፈችውን ሳታነቢ በአንዴ እንዳታቆሚ።

ዝምተኛዋ፦ አነበብኩት። በየቀኑ ነው።