የዕቅድ ውይይት፦ አረጋውያን በቤታቸው ራሳቸውን ችለው እንዲኖሩ የሦስት እድሮች የጋራ ፕሮፖዛል

ጸሐፊ
ጤና ይስጥልን። ረቂቁ ሐሙስ ይዘጋል። የቤቶቹ ቁጥር 24 ሆኖ ጸንቷል፤ 15ቱ የቀበሌ ጭቃ ቤት፣ 9ኙ ኮንዶሚኒየም። ዊልቸር፣ የግድግዳ መያዣ፣ ከዘራ፣ የማታ መብራት፣ የድረሱልኝ ደወልና የመድኃኒት ሳጥን ተጠቁመዋል። አብዛኞቹ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የ50 አጋዥ ቁሳቁሶች ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ለጋሹን ለማሳመን አንቸገርም። ገንዘቡ ግን ለሁሉም አይበቃም። የቱ ይቅደም?

ፊዚዮቴራፒስት
ዊልቸሩ ይውጣ። በየሰዉ ልክ ነው የሚታዘዘው፤ ራምፑ (ዊልቸሩ የሚወጣበት ተዳፋት) ደግሞ ለ1 ሳ.ሜ. ከፍታ 12 ሳ.ሜ. ርዝመት ይፈልጋል። ደፉ 15 ሳ.ሜ. ከሆነ 1 ሜትር ከ80 ማለት ነው። የቀበሌ ግቢ ውስጥ ይህን ቦታ ከየት እናመጣለን? ገንዘቡ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ባለው መንገድ ላይ ይዋል፤ በጨለማ፣ በእንቅልፍ ልብ፣ እየተቸኮለ የሚኬደው እሱ ነው።

ከዘራ ርካሽ ነው ተብሎ አይናቅ። ልኩ የሚወሰደው ባለቤቱ ዘወትር የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጁን ወደ ታች ለቅቆ ነው፤ ከእጅ አንጓ መታጠፊያ እስከ ወለል። በባዶ እግር ከተለካ ያጥርና ሰውየውን ያጎብጠዋል። የሚያዘው ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ይይዘዋል። ጫፉ ላይ ጎማ ይግባ። ገበያ ላይ የሚበዛው ውስጡ 19 ወይም 22 ሚ.ሜ. የሆነ ስለሆነ የእንጨቱ ጫፍ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ተለክቶ ይላጥ። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ሴራሚክ ላይ ልሙጥ የታክሲ ጎማ ማለት ነው፤ ለአንድ ከዘራ 3 ጎማ ያዙ።

ብረት ሠሪ
መያዣው ከ1 ኢንች ጋልቫናይዝድ የውሃ ቱቦ ይሠራል። የውጪ ስፋቱ 33.7 ሚ.ሜ. ስለሆነ እጅ ይሞላል። ከግድግዳው 4 ሳ.ሜ. ይራቅ፤ ከዚያ ካሰፋነው ክንድ ሾልኮ ሊያዝ ይችላል። አስቸጋሪው አሳሰሩ ነው። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸር የያዘ ይመስላል፣ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ከነልስኑ ይነቀላል። ግድግዳውን በትራፓኖ አሳልፎ መብሳት፣ በሁለቱም በኩል 10 በ10 ሳ.ሜ. የሆነ ባለ 4 ሚ.ሜ. ላሜራ ማድረግና በባለ 10 ሚ.ሜ. ቡሎን ማሰር ነው። ጀርባው የጎረቤት ቤት ከሆነ ብሎኬቱን ከፍተን ኮንክሪት እንሞላለን።

ጭቃ ቤት ላይ ግድግዳውን አትንኩት። ቋሚውን ምስጥ በልቶት እንደሆነ በልስኑ ስለተሸፈነ አይታይም። ወለሉን 40 በ40፣ በ50 ሳ.ሜ. ጥልቀት ቆፍረን ቱቦውን በኮንክሪት እንተክላለን። 7 ቀን ሳይሞላው ማንም እንዳይደገፈው። በአየር የሚጣበቀውን የፕላስቲክ መያዣ ማንም ቢያመጣ አትቀበሉ፣ ልስን ላይ አይቆምም።

ለቁጢጥ ሽንት ቤት ባለ ቀዳዳ ወንበር እበይዳለሁ፤ ቁመቱ እንደየሰዉ ከጉልበት መታጠፊያ እስከ ወለል፣ ክንድ ማሳረፊያው ከመቀመጫው 20 ሳ.ሜ. ከፍ ይላል። የፕላስቲክ ወንበር ቀዶ መጠቀም ይቅር፣ ከቀዳዳው ጥግ ነው የሚሰነጠቀው።

ኤሌክትሪሺያን
ለደወሉ ገመድ አልባ የበር ደወል ይበቃል፤ ቁልፉ ከአረጋዊው፣ መጮኺያው ከጎረቤት። ሶኬት ላይ የሚሰካውን አትግዙ፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይሞታል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ይሁን። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ርቀት ለሜዳ ነው፤ ብሎኬትና ቆርቆሮ መሃል ሲገባ በጣም ይቀንሳል፣ በየቤቱ በር ተዘግቶ ይሞከር። በቤት ሁለት ቁልፍ ይሁን፤ አንዱ አንገት ላይ፣ ሌላው ሽንት ቤት ውስጥ ከወለሉ 25 ሳ.ሜ. ላይ። የወደቀ ሰው ማብሪያ ማጥፊያው ጋ አይደርስም።

የስልክ አቋራጭ ቁልፍ (2ን ተጭኖ መቆየት) ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሁን፣ ስልኩ ከተቆለፈ አይደውልም። የማታ መብራቱ እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራው ይሁንና ከአልጋው ፊት ለፊት አይሰቀል፤ ሴንሰሩ ወደሱ ከሚመጣ ይልቅ በፊቱ የሚያቋርጥን ነው ቶሎ የሚያየው። በጉልበት ከፍታ፣ በጎን በኩል።

ነርስ
የስልክ ማንቂያ ለመድኃኒት ስትሞሉ ሰዓቱን አስተውሉ። የጠዋቱ 1 ሰዓት ስልኩ ላይ 7:00 ነው። 1:00 ብሎ የሞላ ሰው ሌሊት 7 ሰዓት ያስነሳቸዋል፣ እሳቸውም ማንቂያውን አጥፍተው ይተኛሉ። ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ ከመጠየቃችን በፊት ደግሞ የሁሉም ጆሮ ይታይ፤ ኩክ ብቻ የደፈነው አይጠፋም።

ገንዘብ ያዥ
ሁሉም ጥሩ፤ ጎማና ባትሪ በየጊዜው የሚገዛው ማን ነው? ለጋሽ "የሥራ ማስኬጃ" የሚል ቃል ካየ ይሰርዘዋል።

ነርስ
ጋሼ፣ የሁለት ዓመቱን ጎማና ባትሪ ከዕቃው ጋር አብሮ እንደሚመጣ መለዋወጫ በአንድ ዋጋ እናስገባው። የመቀየሩን ሥራ አረጋውያኑን የሚጎበኙት የእድሩ ጠያቂዎች ይያዙት፤ በወር አንዴ ደወሉን ይጫናሉ፣ ቱቦውን ይነቀንቃሉ፣ የከዘራውን ጎማ ገልብጠው ያያሉ።

ገንዘብ ያዥ
እንደሱ ከሆነ ይሄዳል፣ ሲስተር። ሦስት ሦስት ፕሮፎርማ እስከ ማክሰኞ ይድረሰኝ።

ጸሐፊ
ለቀበሌ ቤቶቹ ወለል ከመቆፈሩ በፊት ለወረዳው ደብዳቤ ዛሬ እጽፋለሁ። ብረት ሠሪያችን፣ አንድ ናሙና ወንበር ቅዳሜ ይድረስልን፤ ቀለም ሳይቀባ ይምጣ፣ ብየዳውን ማየት እንፈልጋለን።