ለርዕሰ መምህርነት ለመዘጋጀት ምክር እሻለሁ

በሐዋሳ ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በምክትል ርዕሰ መምህርነት የማገለግል ስሆን፣ ወደፊት በርዕሰ መምህርነት ለመወዳደር ስዘጋጅ ከየት መጀመር እንዳለብኝ ስለቸገረኝ ምክራችሁን እጠይቃለሁ። በየዓመቱ የሚጠበቅብኝን የ60 ሰዓት ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ሳላጓድል ብፈጽምም፣ ማኅደሬን የሞላው የማስተማር ዘዴን የሚመለከት ማስረጃ ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዱ ለፊርማ ያህል የተሞላ ነው። ባለፈው ወር ርዕሰ መምህሩ የድጎማ በጀቱን ዕቅድ እንዳዘጋጅ ሲያዝዙኝ፣ ለጠመኔ መግዣና ለመጸዳጃ ቤት ጥገና ስንት ስንት እንደምመድብ ግራ ገብቶኝ ባዶውን ቅጽ ሳገላብጥ አመሸሁ። የትምህርት ቤት አመራር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ልጀምር ወይስ አስቀድሜ የፋይናንስና የሰው ኃይል አስተዳደር አጫጭር ሥልጠናዎችን ልውሰድ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ርዕሳነ መምህራን በየትኛው እንደጀመራችሁና ወንበሩ ላይ ከተቀመጣችሁ በኋላ የትኛው እንደጠቀማችሁ ብትጽፉልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።